ያላመነ ሰው ጻድቅ ይባላል? ከጅማ ልጆች ግሩፕ ረጅሙ ክር

ግሩፓችን የጅማ ልጆች ግሩፕ ነው። ግማሾቻችን እዚያው ነን፣ ግማሾቻችን አዲስ አበባ፣ ጥቂቱ ደግሞ ባሕር ማዶ። ሁልጊዜ የሚወራው ስለ መብራት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ቡና ዋጋ ነው። እኔ ከአድሚኖቹ አንዱ ነኝ። ሥራዬ ስድብ መሰረዝና ማስታወቂያ ማባረር ነው። ሃይማኖት ነክ ጥያቄ ሲመጣ ቶሎ መዝጋት እወዳለሁ፤ ይሄኛውን ግን መዝጋት አቃተኝ። መልሶቹን በቁጥራቸው ላውራችሁ። ሁሉንም አይደለም። ስም አልጠራም፣ የማንንም ጽሑፍ ቃል በቃል አላመጣም።

መነሻው ጽሑፍ

የለጠፈችው መንደራ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ ናት። ጎረቤታቸው የነበሩ ጡረተኛ መምህር አረፉ። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነበር የሚላቸው። በልጅነታቸው ዳዊት ደግመዋል። በአብዮቱ ዘመን እምነታቸውን ተዉ፣ ተመልሰውም አልሞከሩትም። አይሳለሙም፣ አይጾሙም። ሲጠየቁም ነገር አያለባብሱም፤ አላምንም ይላሉ፣ አለቀ።

ነገር ግን ማታ ማታ የሰፈሩን ልጆች በነፃ ሒሳብ ያስጠናሉ። ማንበብ ለማይችል ማመልከቻ ይጽፋሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት እድር ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ለዚያ ቦታ ሁሉም ያለ ክርክር የሚስማማባቸው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ደረሰኞቹን በየወሩ በክር አስረው በባዶ የመድኃኒት ካርቶን ያስቀምጡ ነበር። ካርቶኑን የምትሰጣቸው እሷ ናት።

ድንኳን ውስጥ አንዲት እናት ስለ እሳቸው ሲያወሩ ጻድቅ ሰው ነበር አሉ። አጠገባቸው የነበሩት ሴትዮ ደግሞ ሳያምኑ ምን ጽድቅ አለ ብለው መለሱ። ጨዋታው እዚያው ላይ ቀዘቀዘ። ልጅቷ ሁለቱንም ታከብራቸዋለች። ስለዚህ ጠየቀች፦ በክርስትና ትምህርት ያላመነ ሰው ጻድቅ ሊባል ይችላል ወይ? ከታች አንድ ማሳሰቢያ ጨመረች። ፈጣሪ ያውቃል የሚል መልስ አትስጡኝ አለች፤ እሱን እሷም ታውቀዋለች።

መልስ 1። ፈጣሪ ነው የሚያውቀው የሚል ነው። ሙሉውን አንብቦ የሚመልስ ሰው በዚህ ግሩፕ ብርቅ ነው።

መልስ 2። የቦሳ ኪቶ ሰፈር ልጅ፣ የወንጌል አማኝ ነው። በጨዋ ደንብ ጀመረ። እግዚአብሔር ያጽናናችሁ አለ እንጂ ነፍስ ይማር አላለም፤ እነሱ ለሟች ነፍስ አይጸልዩም። ከዚያ ሮሜ 3ን አወጣ፦ ጻድቅ አንድ እንኳ የለም፣ ሁሉ ኃጢአትን ሠርተዋል። ኢሳይያስ 64ንም ጨመረ፤ እዚያ ጽድቃችን ሁሉ በመርገም ጨርቅ ተመስሏል። በኤፌሶን 2 ደግሞ መዳን በጸጋ፣ በእምነት እንጂ በሥራ አይደለም፣ ማንም እንዳይመካ። መምህሩ ከእሱ የተሻሉ ሰው እንደነበሩ አይጠራጠርም። ችግሩ የሰው ደግነት ማነስ ሳይሆን መስፈርቱ መሆኑን አስረዳ። በዚህ መስፈርት እሱ ራሱም ይወድቃል፤ የሚቆመው በሌላ ጽድቅ፣ በክርስቶስ ጽድቅ ነው። ረጅም ነበር፣ ግን ጥሩ ጽሑፍ ነበር።

መልስ 3። ዲያቆን ነው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምራል። ነገሩን ከሥሩ ጀመረው። ቤተ ክርስቲያናችን ከኦሪት በፊት ሕገ ልቡና እንደነበረ ታስተምራለች። ጽላት አልተቀረጸም፣ ግዝረት አልታዘዘም፤ ሰው በልቡ በተጻፈው ሕግ ይመራ ነበር። ሄኖክ፣ ኖኅ፣ መልከ ጼዴቅ፣ ኢዮብ የዚያ ዘመን ሰዎች ናቸው። ኖኅ በትውልዱ ጻድቅ ተብሏል። ኢዮብ የዖፅ ሰው ነው፣ ከእስራኤል አይቆጠርም። ጳውሎስም በሮሜ 2 ሕግ የሌላቸው አሕዛብ በተፈጥሯቸው የሕግን ሥራ ሲያደርጉ ለራሳቸው ሕግ እንደሆኑ ጽፏል። የወንጌሉ ልጅ ምዕራፍ 3ን ሲያወጣ ምዕራፍ 2ን መዝለሉን ጎንተል አደረገው። ግን ዲያቆኑ እዚያ አልቆመም። እነዚያ ጻድቃንም ቢሆኑ ገነት አልገቡም፣ አዳምና ልጆቹ 5500 ዘመን በሲኦል ጠብቀዋል። ያወጣቸው ክርስቶስ ነው፣ በአካለ ነፍስ ወርዶ። ስለዚህ ጽድቃቸው እውነት ነበር፣ ግን ብቻውን በር አልከፈተም።

ይሄን መልስ ሁለቴ አነበብኩት። ነገሩን ከሁለቱም ወገን ያየ ነው።

መልስ 4። የቦሳው ልጅ ተመለሰ። ዕብራውያን 11ን ይዞ መጣ። አቤል በእምነት፣ ሄኖክ በእምነት፣ ኖኅ በእምነት፣ አብርሃም በእምነት፤ ጋለሞታይቱ ረዓብ እንኳ በእምነት። በዘፍጥረት 15 አብርሃም አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት። ዲያቆኑ የዘረዘራቸው ሁሉ አማኞች እንደሆኑ አስታወሰ። ይሄ ነጥብ በኋላ ትልቅ ነገር ይሆናል፤ ያኔ ግን ማንም ልብ አላለውም።

መልስ 5 እና 6። አንዱ አርባቸው ይወጣ እንደሆነ ጠየቀ። ሌላው ቤተሰቡ እንዳልወሰነ ነገረው።

መልስ 7። ካቶሊክ ነው፣ ብዙ አይናገርም። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ያወጣውን ድንጋጌ፣ አንቀጽ 16ን ጠቀሰ። ያለ ራሳቸው ጥፋት ወንጌልን ያላወቁ፣ ግን እግዚአብሔርን በቅን ልብ የሚፈልጉና ኅሊናቸውን የሚከተሉ ሰዎች መዳንን ሊያገኙ ይችላሉ ይላል። ከዚያም አልፎ እግዚአብሔርን በግልጽ ወደ ማወቅ ገና ያልደረሱ፣ ነገር ግን መልካም ኑሮ ለመኖር የሚጥሩ ሰዎችም አስፈላጊው እርዳታ አይነፈጋቸውም። እርዳታ የተባለው ጸጋ መሆኑን አሰመረበት። በራሳቸው ጉልበት ይጸድቃሉ የሚል ቃል እዚያ የለም።

መልስ 8። ጠብ ፈላጊ ነው፣ ግን ያነበበ ጠብ ፈላጊ። ያው ቤተ ክርስቲያን በፍሎረንስ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1442 አረመኔም አይሁድም መናፍቅም ከመሞቱ በፊት ወደ እሷ ካልገባ ዘላለማዊ እሳት ይጠብቀዋል ብላ እንደነበረ አስታወሰ። ምን ተገኝቶ ነው ሐሳቡ የተቀየረው የሚል ጥያቄ አስከተለ።

መልስ 9። ካቶሊኩ አልተቆጣም። የተገኘው አሜሪካ ነው የሚል መልስ ሰጠ። በፍሎረንስ ጊዜ ወንጌል ያልደረሰበት አገር የለም ማለት ይቻላል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ ስሙን እንኳ ያልሰማ ሕዝብ የሞላበት ምድር ተገኘ። ሊቃውንቱም ያልሰማ ሰው እንዴት በአለማመን ይከሰሳል ብለው እንደ አዲስ ማሰብ ያዙ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ወደዚያ የፍሎረንስ ጉባኤ ከኢየሩሳሌም የተነሱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሄደዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1441። ኃይለኛው ድንጋጌ የወጣው በቀጣዩ ዓመት ነው፣ ከግብጽ ኮፕቶች ጋር ለተደረገው ስምምነት። የእኛ ሰዎች ቃሉን ሰምተው ምን እንዳሰቡ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

መልስ 10። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው። ሰማዕቱ ዮስጦስን አመጣ፣ የሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሰው። ዮስጦስ ክርስቶስ የሰው ዘር ሁሉ የሚካፈለው ቃል ነው ይላል። ስለዚህ በቃሉ የኖሩ ሰዎች፣ አምላክ የለሽ ተብለው ቢቆጠሩም፣ ክርስቲያኖች ናቸው። ከግሪኮች ሶቅራጥስንና ሄራቅሊጦስን በስም ጠርቷል። ሶቅራጥስ በአቴና የተከሰሰው በከተማይቱ አማልክት አያምንም ተብሎ ነው። መምህሩ የዮስጦስ ሚዛን ላይ ቢወጡ ያልፋሉ የሚል እምነት አለው።

ይሄ መልስ ብዙ የልብ ምልክት ተሰጠው። ያምራል። ግን ዮስጦስ የጻፈው ለሮማው ንጉሠ ነገሥት የመከላከያ ደብዳቤ እንደሆነ አንርሳ። ከክርስቶስ በፊት የኖሩ ሰዎች ሁሉ ተጠያቂ አይደሉም ማለት ነው ለሚሉት ሲመልስ ነው ይሄን የጻፈው። ክርስቶስን ሰምተው ስለተዉት ሰዎች እያወራ አልነበረም።

መልስ 11። አጭር ነው፣ ክብደት ግን አለው። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ተቃራኒውን አስተምሯል፤ ለእግዚአብሔር ተብሎ ያልተደረገ በጎነት እውነተኛ በጎነት አይደለም። ጴላግዮስ የሰው ፈቃድ ብቻውን ወደ መልካም ይደርሳል የሚል ትምህርት ሲያነሳ የካርታጎ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ418 አወገዘው። ጸሐፊው ዮስጦስን ያነበበ ሰው ቀጣዮቹን 300 ዓመታትም እንዲያነብ መከረ። እዚህ ጋ ድምፁ መሻከር ጀመረ።

መልስ 12። የቡና ነጋዴው ነው። ሰው ሲካረር ዘሎ መግባት ይወዳል። ጽድቁ ቀርቶብኝ በወጉ በኮነነኝ የሚለውን ተረት አመጣና ዝናቡ ጀንፈሉን፣ ያልተፈለፈለውን ቡና፣ አላስደርቅ እንዳለው አማረረ። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በቀን ስንቴ ሸራ አልብሶ ስንቴ እንደሚገልጥ ዘረዘረ።

መልስ 13 እስከ 16። ስለ ጀንፈል ናቸው። ሸራው ከሥሩ እንደሚያልበው፣ ያላበ ቡና ደግሞ እንደሚሻግት ተመካከሩ። ከጽድቁ ክርክር የበለጠ ስምምነት የታየው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 17። የለም። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ሟቹን ሰድቦ፣ እሱ አልበቃ ብሎት በእድሩ ውስጥ ያሉትን ሙስሊሞች ጨመረ። ሰውየው በውስጥ መስመር መጥቶ ለምን እንደተሰረዘ ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም።

መልስ 18። ሙስሊም ነው፣ ሂርማታ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። ጥያቄው የክርስቲያኖች መሆኑን አውቆ መጀመሪያ ፈቃድ ጠየቀ። ከዚያ ስለ ነጃሺ አወራ። መካ ላይ ተከታዮቻቸው ሲሰቃዩ ነቢዩ ወደ ሐበሻ ምድር እንዲሄዱ ነገሯቸው፤ እዚያ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ አለ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 615 ገደማ ነው። ያ ንጉሥ ክርስቲያን ነበር። የሌላ እምነት ሰውን ፍትሐዊ ብሎ መመስከር ለእኛ ለሐበሾች አዲስ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው ያመጣው።

መልስ 19። ሌላ ሙስሊም አረመው። ነጃሺ በኋላ እንደሰለመ፣ ሲሞትም ነቢዩ በሌለበት እንደሰገዱለት አስታወሰ። ጨርቅ ሻጩ በመልስ 20 ይሄን እንደሚያውቅ ተናገረ፤ ምስክርነቱ የተሰጠው ግን ከዚያ በፊት ነው። በመሀል አንድ ሰው አባ ጅፋርን አስገባ፤ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙትን፣ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ያቆዩትን። ከጥያቄው ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም፤ የጅማ ሰው ሆኖ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጂረንን ሳያነሳ የሚያልፍ ደግሞ የለም።

መልስ 21። ከጨርቅ ሻጩ ሐሳብ የተነሳ ነው፣ ብልህ መልስ ነው። ኢሳይያስ 45 ላይ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ እግዚአብሔር የቀባው ተብሏል። እዚያው ላይ አንተ ሳታውቀኝ የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ከዚህ በላይ ያላወቀና ያላመነ ሰው ከየት ይመጣል?

መልስ 22። ወዲያው ተመለሰለት። ቂሮስ የተቀባው ለሥራ ነው፣ ምርኮኞቹን እንዲለቅ። ጻድቅ የሚል ቃል አልተሰጠውም። እግዚአብሔር የሚጠቀምበት ሰውና እግዚአብሔር ያጸደቀው ሰው አንድ አይደሉም፤ አለበለዚያ ፈርዖንም ቦታ ያገኛል። ትክክል ነው።

መልስ 23። ቆርኔሌዎስን አመጣች። የቂሣርያው መቶ አለቃ፣ ሐዋርያት ሥራ 10። አልተጠመቀም፣ ጸሎቱና ምጽዋቱ ግን ለመታሰቢያ ወደ እግዚአብሔር ፊት ወጥቷል። ጴጥሮስም ቤቱ ገብቶ በአሕዛብ ሁሉ እግዚአብሔርን የሚፈራና ጽድቅን የሚያደርግ በእርሱ ዘንድ የተወደደ መሆኑን መሰከረ።

መልስ 24። ይሄ በክሩ ውስጥ ካሉት ጠንካራ መልሶች አንዱ ነው። የቦሳው ልጅ ነው የጻፈው። ምዕራፍ 11ን አንብቡ አለ። እዚያ ጴጥሮስ ታሪኩን ሲደግም መልአኩ ለቆርኔሌዎስ የነገረውን ያመጣል፤ አንተና ቤተ ሰዎችህ ሁሉ የምትድኑበትን ነገር ይነግርሃል ነው ያለው። የተወደደ ሰው ገና መዳን ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። ምጽዋቱ ቢበቃ ጴጥሮስ ከኢዮጴ ድረስ መንገድ ባልወጣ።

መልስ 25። አሁን እዚህ ላይ ቆም እንበል። የጻፈችው አዲስ አበባ ያለች ነርስ ናት። ሁላችንንም ገሠጸችን።

እስካሁን የተጠቀሱትን ሰዎች አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ኢዮብ መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። መልከ ጼዴቅ ካህን ነበር። ቆርኔሌዎስ ዘወትር ይጸልይ ነበር። የነነዌ ሰዎችን የጠቀሰ ባይኖርም እሷ ራሷ ጠቅሳ መለሰችላቸው፤ ጾመዋል፣ ማቅ ለብሰዋል። ሁሉም እግዚአብሔርን ይፈራሉ። እንግዶች ናቸው እንጂ ያላመኑ አይደሉም። ሶቅራጥስ ደግሞ አልሰማም። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ እንግዳም ስላልሰማም አይደለም። ሰምተው፣ ተቀብለው፣ ዳዊት ደግመው ስለተዉ ሰው ነው። ያልሰማ፣ ሰምቶ ያልተቀበለ፣ ተቀብሎ የተወ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ግን በአንድ ከረጢት ጨምረናቸዋል። ለሦስተኛው ሰው የተጻፈውን ማንም አላወጣውም፤ ምክንያቱም ያስፈራል። ሉቃስ 12 ላይ የጌታውን ፈቃድ ያወቀ ባሪያ ካላወቀው ይልቅ ብዙ ይገረፋል። ዕብራውያን 6 ላይ አንድ ጊዜ ብርሃን በርቶላቸው የካዱትን ለንስሐ እንደገና ማደስ አይቻልም። አንባቢው ጨካኝ እንዳይላት ፈርታ ነው መሰለኝ፣ ክፍልፋይ መደመር ያስተማሯት ጋሼ እንደሆኑ መጨረሻ ላይ ጻፈች።

ከዚህ በኋላ ግሩፑ ዝም አለ። እስከ ማታ አንድም ሰው አልጻፈም። ሲነበብ ግን ያየሁት ነው።

እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ያላመነ ሰው ጻድቅ ይባላል ወይ ሲባል አፋችን ላይ የሚመጡት ምሳሌዎች በሙሉ የመጀመሪያውን ሰው ይመለከታሉ። ስለ እሱ ቤተ ክርስቲያኖች በየፊናቸው መውጫ አዘጋጅተዋል። ድንኳን ውስጥ የሚገጥመን ግን ሦስተኛው ነው።

መልስ 26። ዝምታውን የሰበረው ካቶሊኩ ነው። ሰው የተወው እግዚአብሔርን ነው ወይስ ያሳዩትን ሥዕል ነው የሚል ጥያቄ አነሳ። ያው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሌላ ሰነድ ላይ አማኞች ራሳቸው ለአምላክ የለሽነት መወለድ ትንሽ የማይባል ድርሻ እንዳላቸው ጽፏል፤ በትምህርታቸው ጉድለትና በኑሯቸው የእግዚአብሔርን እውነተኛ ፊት ሲጋርዱ። መምህሩ በወጣትነታቸው ምን አይተው እንደወጡ የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የሚያውቅ አልተገኘም።

መልስ 27። ማቴዎስ 25 መጣ፤ እኔ ቀድሞ ይመጣል ብዬ ስጠብቀው ነበር። ጌታ ተራበ፣ አበሉት፤ ታረዘ፣ አለበሱት። ጻድቃኑ መቼ አየንህ ብለው ይጠይቃሉ፤ ለእሱ እንዳደረጉት አያውቁም። ፍርዱ ላይ ስለ እምነት የቀረበ ጥያቄም የለም።

መልስ 28። እዚያው ማቴዎስ 25 ላይ ከእነዚህ ከሁሉ ከሚያንሱ ወንድሞቼ የተባሉት እነማን ናቸው? ጸሐፊው ደቀ መዛሙርቱ ናቸው ይላል። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 12 ወንድሞቹ የአባቱን ፈቃድ የሚያደርጉ ናቸው፣ ምዕራፍ 10 ላይም ቀዝቃዛ ውኃ የሚሰጠው ለደቀ መዝሙር ነው። እንዲህ ሲነበብ ፍርዱ መልእክተኞቹን ስለ መቀበል ይሆናል። ይሄ ክርክር የቆየ ነው፣ በእኛ ግሩፕ አያልቅም።

መልስ 29። አንዲት እናት ናቸው፣ የልጅ ልጃቸው እየጻፈላቸው። በማቴዎስ 21 ያሉትን ሁለት ልጆች አነሱ። አባትየው ወደ ወይኑ ቦታ ሂዱ ሲላቸው አንዱ እሺ ብሎ ቀረ፣ አንዱ አልሄድም ብሎ ሄደ። ጋሼ አልሄድም ያለው ልጅ ናቸው፤ ሲሠሩ ሁሉም አይቷቸዋል። እትዬ ከዚህ በላይ አላስጻፉም። ከ7 ጀምሮ ከተጻፈው ሁሉ የበለጠ ልብ ያገኘው ይሄ ነው።

መልስ 30። ዲያቆኑ ነው። እትዬን በአክብሮት አመስግኖ አንድ ቁጥር ወረድ እንበል አለ። ቁጥር 32 ላይ ጌታ ምሳሌውን ሲፈታ ቀራጮችና ጋለሞቶች የቀደሙት ዮሐንስን ስላመኑበት እንደሆነ ይናገራል። አልሄድም ያለው ልጅ ተጸጽቶ ነው የሄደው። ዲያቆኑ ይሄን ሲጽፍ ከፍቶት እንደነበር ከአጻጻፉ ያስታውቃል።

መልስ 31 እስከ 35። እዚህ ጋ ነገሩ ቀውጢ ሆነ። አንዱ በላዔ ሰብን አነሳ። 78 ሰው የበላ፣ በእመቤታችን ስም ለተለመነው ለምጻም ባጠጣው ጥርኝ ውኃ የዳነ። በሚዛኑ ላይ ውኃው ከነፍሳቱ ከበደ። ይሄ ከዳነ መምህሩ ለምን አይድኑም ነው ነገሩ። የቦሳው ልጅ ትዕግስቱ አለቀና ወንጌል ውስጥ የሌለ ታሪክ ማስረጃ እንደማይሆን ጻፈ። አጻጻፉ ንቀት ነበረው። ሦስት ሰዎች ተነሱበት። አንዱ የአያቱን ሃይማኖት አስታወሰው፣ እሱም የሌላውን የጾም አያያዝ አስታወሰው። ማስጠንቀቂያ ለጠፍኩ፤ ማርያምን የነካ ሰላሳ ቀን ይታገዳል፣ ጴንጤን የሰደበም እንደዚያው።

በዚያ ሁሉ ጩኸት አንድ ቁምነገር ተቀብሮ ቀረ። አንዲት ልጅ በላዔ ሰብ ውኃውን የሰጠው ስሟን ሰምቶ እንደሆነ ጠቁማለች። ለማንም ያልራራ ሰው ለዚያ ስም ደነገጠ። እሱም ቢሆን ያላመነ አይደለም ማለት ነው። ነርሷ 25 ላይ ያለችው እዚህም ሠራ።

መልስ 36። የመካነ ኢየሱስ ሰው ነው፣ በዕድሜ ገፋ ያለ። ጩኸቱን እንዳላየ አለፈውና ወደ ጥያቄው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1530 የቀረበው የሉተራውያን የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ አንቀጽ 18 ላይ መልስ አለው። ሰው በገዛ ፈቃዱ በሰው መካከል ያለውን ጽድቅ በመጠኑ ማድረግ ይችላል፤ ቃሉን መጠበቅ፣ አለመስረቅ፣ ጎረቤቱን መርዳት። ይሄ ጽድቅ የእውነት ጽድቅ ነው፣ የእግዚአብሔር ስጦታም ነው። በእግዚአብሔር ፊት የሚያቆመው ጽድቅ ግን ያለ መንፈስ ቅዱስ አይገኝም። ስለዚህ ጻድቅ ነበር ያሉት እናት በሰው ፊት ያለውን ተናግረዋል፣ ሴትዮዋም በእግዚአብሔር ፊት ያለውን። አልተጣሉም።

ከቀረቡት መልሶች በጣም የተስተካከለው ይሄ ነው። ድንኳን ውስጥ ግን ማንም ሰው እንደዚህ ከፋፍሎ አያለቅስም።

መልስ 37። ዲያቆኑ አልተስማማም። እምነትና ሥራን ለሁለት መክፈል አባቶቻችን አያውቁትም፤ ያዕቆብ 2 ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ይናገራል። ግን እሱም ቢሆን ያዕቆብ ያለ እምነት የሚደረግ ሥራን እንዳላመሰገነ አመነ። የመካነ ኢየሱሱ ሽማግሌ ካቶሊኮችና ሉተራውያን በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1999 የጋራ መግለጫ እንደፈረሙ አስታውሶ፣ እኛም አንድ ቀን እንፈርም ይሆናል ብሎ ቀለደ። ዲያቆኑ የሳቅ ምልክት ላከ። ክሩን ያረጋጋው እሱ ነው።

መልስ 38። ጠያቂዋ ተመለሰች። ትንሽ ተናዳለች፣ በእኔ አስተያየት መብቷ ነው። ስለ ጴላግዮስ አመስግናለች፤ ስለ ጀንፈሉ ግን አይደለም። ከዚያ ያልጻፈችውን ጻፈች። ጻድቅ ነበር ያሉት እናቷ ናቸው። ሴትዮዋ ከመለሱላቸው ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። በጋሼ ስም ነዳያን ማብላት ፈልገዋል፤ ግን ኃጢአት ይሆንብኛል ብለው ፈሩ። እሷ የምትፈልገው እናቷ ምን ያድርጉ የሚለውን ነው።

ይሄን መጀመሪያ ብትጽፈው ኖሮ 37ቱም መልሶች ሌላ ይሆኑ ነበር።

መልስ 39። ቄስ ናቸው። በግሩፑ ውስጥ መኖራቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። ድሃ ማብላትን የሚከለክል ቀኖና የለም፤ እናትሽ ያብሉ። ፍትሐት ሌላ ነገር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ለምእመናኗ የምታደርገው ጸሎት ነው፤ ስለ እሱ የንስሐ አባታቸውን ያናግሩ፣ እሳቸው ብቻቸውን አይወስኑ። ሟቹ በአርባ ቀናቸው የተጠመቁ ሰው ናቸው፣ ክርስትና ስማቸው አይጠፋም። በመጨረሻ ሰዓታቸው በልባቸው ምን እንዳለፈ ደግሞ አጠገባቸው የነበረ ሰው እንኳ አያውቅም። ስለ ጽድቃቸው ምንም አልጻፉም። ጽሑፋቸው አራት መስመር ነው።

የቦሳው ልጅ ልብ ሰጣቸው። ነርሷም ሰጠች።

መልስ 40። የቡና ነጋዴው ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ዝም ብሎ ሲያነብ ቆይቶ፣ ሳይጠመቅ የሚሞት ሕፃንስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ዲያቆኑና ካቶሊኩ እኩል መጻፍ ጀመሩ። ለእሱ ሌላ ክር ከፍቼ ወደዚያ አዛወርኳቸው።